የናፍጣ ንስሐ

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ «እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። አላፍርበትም። ነገር ሲገባኝ እንዲህ ነኝ፤ ተማሪዎቼም ለምደውታል። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ለሠላሳ ደቂቃ ትምህርት የአንድ ሰዓት ጩኸት አለኝ።

መንገዱ እንደ ልማዱ በከባድ መኪና ተዘግቶ ቆመን ነበር፤ እኔ በስልኬ አነባለሁ። የማነበው ስለ አንዲት ሴት ነው። ከመቶ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት አሜሪካ የኖረች፣ የሊቃውንት ማዕረግ የሌላት ሴት። ሁለት የመስታወት ቱቦ ወሰደች፤ በሁለቱም ውስጥ ቴርሞሜትር አስገባች። አንዱ ውስጥ ተራ አየር፣ ሌላው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻቸው። በቃ! ሌላ ነገር የለም! ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሌላው ይልቅ ጋለ፤ ከፀሐይ ስታነሳውም ቶሎ አልበርድ አለ። እሷም አሰበች አሰበችና ምድርን የሚሸፍናት አየር በዚህ ጋዝ የበለጸገ ቢሆን ኖሮ ሙቀቷ ከፍ ይል ነበር ብላ ጻፈች። እኔ የጮህኩት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቱቦና ፀሐይ ይዛ የዓለምን ነገር ያወቀች ሴት!

ረዳቱ ዞር ብሎ «እህት፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ከሎተሪ ይበልጣል!» አልኩትና አጠገቤ ለተቀመጡት እናት የሴትየዋን ታሪክ ከመጀመሪያው ተረኩላቸው። የጎመን ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ «ታዲያ ማን አመናት?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ማን ይመናት? ጽሑፏን በሊቃውንቱ ስብሰባ ላይ ያነበበላት ወንድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ስሟን ያነሳ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ደሜ ፈላ። ከሚኒባሱ ወርጄ እስከ ብሎካችን ድረስ እየተቆጣሁም እየተደሰትኩም ነው የሄድኩት።

አባቴ እንደ ሁልጊዜው በረንዳው ላይ ቆሟል። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ዕድሜውን በአሰብ መንገድ፣ በኋላም በጅቡቲ መንገድ ጨረሰው። አሁን ሥራው ከታች የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው መመርመር ነው። «ይሄ ፓምፑ አስተካካይ ይፈልጋል» ይላል፤ «ይሄ ደግሞ ሞተሩን ሊገድለው ነው፣ ማርሽ ቀይር አንተ!» ሹፌሩ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚሰማው ይመስል።

ቦርሳዬን ሳላወርድ ጀመርኩለት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለው ፊቱን አጨማደደ። «በአማርኛ አውሪኝ እንጂ።»

በአማርኛ ስሙ ምንድነው? እኔ የተማርኩትም፣ የማስተምረውም «የተቃጠለ አየር» ብዬ ነው። ያንኑ ነገርኩት። የመጣብን ነገር ሁሉ የመጣው ከዚች ቃል ነው።

«የተቃጠለ አየር» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «ማን ያቃጠለው?»

«ሰው ነዋ አባዬ! የድንጋይ ከሰሉ፣ ነዳጁ፣ ናፍጣው! ፋብሪካው፣ መኪናው!»

«እሱ ነው ዓለሙን የሚያሞቀው?»

«እሱ ነው!»

«ዝናቡንም የሚያዛባው?»

«ዝናቡንም!» አልኩ እጄን እያወናጨፍኩ። ክፍል ውስጥ ያለሁ ነው የመሰለኝ።

ፊቱ በራ። «እንግዲያው እኔ የለሁበትም» አለ። «የኔ መኪና ጭሳ አታውቅም! ፓምፑን ጊዜውን ጠብቄ አሠራለሁ፣ ማጣሪያውን እለውጣለሁ። የጣርማ በርን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዤ ስወጣ እንኳ ከኋላዬ ያለ ሰው ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታየው ነበር። ጥቁር ጭስ ሲተፉ የኖሩት ሌሎቹ ናቸው። ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ!»

እዚህ ላይ «ጎሽ አባዬ» ብዬ ባልፍ ምን ነበረበት? ግን የተሳሳተ መልስ ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ያመኛል። ዛሬም ቢሆን አላልፍም።

«አባዬ» አልኩት፣ «ጥቁሩ ጭስ እኮ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። የተቃጠለው አየር አይታይም። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ሞተሩ ጤነኛ ሲሆን ናፍጣው ምንም ሳይተርፈው ይቃጠላል፤ ያኔ ነው ሁሉም እሱን የሚሆነው።»

አባቴ እጁን ከበረንዳው ብረት ላይ አነሳ። «ምንም ሳይተርፈው?»

«ምንም ሳይተርፈው።»

«እንግዲህ ከሁሉም የባሰው የኔ ነው» አለና ገብቶ ተኛ። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ «ግን እኮ ጤነኛ ሞተር የሚበላው ናፍጣ ትንሽ ነው! ያንተ ከሌሎቹ ይሻላል!» ብዬ ጮህኩለት። ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በስልክ ሲነጋገር ደረስኩ። የአባቴ ወገኖች የጥንት የአቃቂ ገበሬዎች ናቸው። መሬታቸው አብዛኛው ቤትና መጋዘን ሆኗል፤ ከሁሉም አጎቴ ብቻ ከገላን ወዲያ፣ ገጠሩ በሚጀምርበት፣ አሁንም ያርሳሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ልትዳር ቀኑ ደርሷል። በኛ ቤተሰብ ልማድ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የሚመርቃት የአባቷ ወንድም ነው። ምርቃቱ ደግሞ የገበሬ ምርቃት ነው፤ «ዝናቡን የምሕረት፣ አዝመራውን የበረከት ያድርገው» ሳይባል አያልቅም።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ይመርቃት» ይላል አባቴ። «ኧረ አልታመምኩም። እኔ አልችልም፣ በቃ። እንዲያውም ሠርጉ ላይ ባልገኝ ሳይሻል አይቀርም።»

ስልኩን ሲዘጋ ተንጨረጨርኩ። «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«ወንድሜ ሽምብራው እየከሸፈበት ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ዝናቡ መግቢያና መውጫው ጠፍቶታል። ሲለመን ይቀራል፣ ሲያሰኘው በአጨዳ ይወርዳል። እኔ ሰማዩን ሳቃጥል ኖሬ፣ ሄጄ በደጁ ቆሜ ዝናብ ይስጣችሁ ልበል? እግዜር አይስቅብኝም?»

ምን ልበለው? አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ አባቴን ያሳደጉት አጎቴ ናቸው። አርሰው አብልተውታል፤ ሹፌርነት እንዲማርም ከተማ የላኩት እሳቸው ናቸው። አባቴ በሕይወቱ የሚፈራው ሰው ቢኖር እሳቸውን ነው፤ የሚወደውም እንደዚያው። ሁለቱም ሸምግለዋል። በዚህ ዕድሜ የተቀያየመ ሰው ሳይታረቅ መቃብር ሊወርድ ይችላል። ሠርጉ ላይ ሳይገኝ ቢቀር አጎቴ ይቅር እንደማይሉት አውቃለሁ። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላውን ለብሶ ወጣ። ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ኖሯል። ሲመለስ ግራ እንደተጋባ ሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምን አሉህ?»

«ስንት ዘመን ሆነዎት አሉኝ። መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ አልኳቸው። ሆን ብለው ነው ወይ አሉኝ። ደሞዝ እየተከፈለኝ አልኳቸው።»

ሳቄ መጣ፤ ከንፈሬን ነከስኩ።

«ከዚያ መስቀላቸውን አገላበጡ። ይሄ ነገር እኔንም ሳይነካኝ አይቀርም፣ እኔም ታክሲ እሳፈራለሁ አሉኝ። ልጅዎ ኬሚስትሪ አይደል የምታስተምረው፣ ነገሩን በደንብ ታስረዳዎትና ተመልሰው ይምጡ አሉኝ።»

መቋቋም አቃተኝ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። «ትስቂያለሽ!» አለ አባቴ፤ ከዚያ ራሱም አፈነው አፈነውና ሳቀ። ግን ቶሎ ተወው። እኔ ግን ነገሩ ደስ አለኝ። ቄሱ እኮ ክሱን ወደኔ ነው የመሩት! እሺ፣ ጠበቃው እኔ ነኝ አልኩ። ሠርጉ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ ከሥራ እየተመለስኩ አባቴን ከራሱ ክስ ነጻ አወጣዋለሁ።

መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ትንሽ የኖራ ውሃ ይዤ መጣሁ። እንደ ተራ ውሃ የጠራ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ቀዳሁና የለስላሳ ቀሰም ሰጠሁት። «ንፋበት። ኋላ እንዳትስበው!»

ነፋበት። ቡልቅ ቡልቅ አለ። ሁለቴ ሦስቴ ሲተነፍስበት ውሃው ደፈረሰ፣ ከዚያ ነጭ ሆነ።

«ወተት ሆነ!» አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። «ምን ጨመርሽበት?»

«እኔ ምንም! አንተ ነህ! ከሳንባህ የወጣው የተቃጠለ አየር ነው። አይታይም አላልኩህም? ይኸው ታየ!»

«ከኔ ውስጥ?»

«ከሁላችንም ውስጥ።»

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። «ታዲያ መተንፈስም ኃጢአት ሊሆን ነው? ኧረ በሕግ አምላክ!»

ደስ ሲለኝ! ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። አየህ አባዬ አልኩት፣ የበላኸው ጤፍ ያንን ጋዝ የወሰደው ከአየር ነው፤ አንተ በላኸው፣ ተነፈስክና ለአየሩ መለስክለት። ዞሮ ገጠም ነው፤ ማንም አልከሰረም። ናፍጣ ግን ሰው ከመፈጠሩ በፊት መሬት ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ነው። እኛ ቆፍረን አውጥተን፣ ሚዛኑን ጠብቆ በኖረ አየር ላይ ጨመርንበት።

«ሬሳ ማውጣት ነው በይኛ» አለ።

አጨበጨብኩ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለፍቼ ያልቻልኩትን በሦስት ቃል ጨረሰው። ደግሞ ሲገባው ዓይኑን አየሁት፤ እንደኔው ነው! ለካ ይሄ ነገር በዘር ነው የመጣብኝ።

ከዚያ በኋላ እሱ ነው የሚጠብቀኝ። በሩን ስከፍት «ያቺ ሴትዮ ከዚያ በኋላስ?» ይለኛል፤ ሻዩን አፍልቶ። እኔም እቀጥላለሁ። ከሷ ጥቂት ቆይቶ እንግሊዝ አገር የሚሠራ አየርላንዳዊ ረጅም የነሐስ ቱቦ አሠራ። ቱቦውን በየዓይነቱ ጋዝ እየሞላ በአንዱ ጫፍ ሙቀት ይልካል፣ በሌላው ጫፍ የደረሰውን ይለካል። አየራችን በብዛት የተሠራባቸው ጋዞች ሙቀቱን ዝም ብለው አሳለፉት። የውሃ እንፋሎትና ያ የተቃጠለ አየር ግን ያዙት።

«ኬላ ነው!» አለ አባቴ። «ሲገባ ማንም አይጠይቅህም፣ ስትወጣ ግን አቁም ይሉሃል።»

«እንዴ! ልክ እንደሱ! የፀሐይ ብርሃን ሲገባ ያልፋል፤ ምድር ሙቀቷን መልሳ ልትልክ ስትል ግን ሙቀቱ ኬላው ላይ ይያዛል። ደግሞ ኬላው ጨርሶ ባይኖር በብርድ እናልቅ ነበር። ክፉው መጥበቁ ነው።»

በሌላ ቀን የስዊድናዊውን ነገርኩት። ይህ ሰው ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ምንም ማሽን፣ በእርሳስ ብቻ ወራት ሙሉ አሰላ። ጋዙ በአየሩ ውስጥ እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል ትሞቃለች? ከእውነተኛው ትንሽ አብዝቶት ሊሆን ይችላል እንጂ መንገዱን አልሳተም። ዛሬ ቤት የሚያካክል ኮምፒውተር የሚነግረንን ነገር በእርሳስ! ይህን ስናገር ሰውነቴ ውርር ይለኛል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ትዳሩ ፈርሶበታል።

«ሚስትየው ምን ታድርግ!» አለ አባቴ። «ቀኑን ሙሉ በእርሳስ! ለመሆኑ መልሱን ሲያገኘው አልደነገጠም?»

«አልደነገጠም። እንዲያውም ሙቀቱ ጥሩ መስሎት ነበር። አገሩ ብርድ ነው፤ የልጅ ልጆቻችን ይሞቃቸዋል ብሎ አሰበ።»

«የራሱን ብርድ ብቻ እያሰበ!» አባቴ ጮኸ። «ሽምብራ የሚዘራ ሰው አያውቅም እንዴ ይሄ ሰውዬ?» ከታች ልብስ የምታሰጣ ጎረቤታችን ቀና ብላ አየችን። «ከአንድ የስዊድን ሰው ጋር ተጣልቶ ነው!» አልኳት፤ ሌላ ምን ልበል?

ከዚያማ ሊቃውንቱ አንቀላፉ አልኩት። አንዱ ሌላ ሙከራ ሠራና ኬላው ድሮም ሞልቷል፣ ጠባቂ ቢጨመርበት ለውጥ የለውም አለ። ሌላው ባሕሩ ይውጠዋል አለ። አሥርት ዓመታት እንዲሁ አለፉ። ከዚያ አንድ የእንፋሎት ሞተር መሐንዲስ ተነሳ። አባቴ «የሞተር ሰው!» ብሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አዎ የሞተር ሰው፤ ሥራው የአየር ጠባይ አይደለም፣ በትርፍ ጊዜው ግን ከየአገሩ የቴርሞሜትር መዝገብ ለቅሞ ምድር መሞቅ ጀምራለች አለ። ሊቃውንቱ በትህትና ፈገግ አሉለት። አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ ስለዚያ ፈገግታ ሲናደድ ሰነበተ። ጋራዥ ውስጥ እንደዚያ ዓይነት ፈገግታ አውቃለሁ ይላል፤ «ኩሽኔታው አልቋል ስትላቸው ፈገግ የሚሉት ናቸው መንገድ ላይ ቆመው የሚያድሩት።»

ከሁሉ በላይ የወደደው ግን የተራራውን ሰውዬ ነው። ውቅያኖስ መካከል ያለ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ረጅም ተራራ፣ እዚያ ላይ መሣሪያ ተክሎ አየሩን ያለማቋረጥ መለካት የጀመረ ሰው። ያገኘውን መስመር በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ሣልኩለት። በሰሜኑ የምድር ክፍል ያሉት ዛፎች ቅጠል ሲያወጡ ጋዙን ይስባሉ፣ መስመሩ ዝቅ ይላል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ መልሰው ይለቁታል፣ መስመሩ ከፍ ይላል።

«ምድር ትተነፍሳለች እያልሽኝ ነው?»

«ትተነፍሳለች አባዬ! ሰውዬው የምድርን ትንፋሽ ነው የያዘው!»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ በጣቱ መስመሩን ተከተለው። ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ፣ ግን በየዓመቱ ከፍታው ካምናው ይበልጣል። «ጣርማ በር ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትጠመዘዣለሽ፣ አንዳንዱ ቦታ የምትወርጂ ሁሉ ይመስልሻል። ግን እየወጣሽ ነው።»

 የማልረሳው ሰዓት ነው። ያቺ አሜሪካዊት በሁለት ቱቦ የጀመረችው ነገር እዚህ ገላን፣ አራተኛ ፎቅ፣ አባቴ ጣት ሥር ደርሶ ነበር። መጮህ አማረኝ።

ከዚያ «ይሄ የተራራው ሰውዬ መቼ ነው የጀመረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አንተ መንጃ ፈቃድ ሳታወጣ።»

«እኔ አሰብ ስመላለስ ይታወቅ ነበር?»

«ይታወቅ ነበር።»

«ናፍጣውን የሚሸጡልን ሰዎችስ?»

«ከመካከላቸው የራሳቸው ሊቃውንት የነገሯቸው ነበሩ።»

የበረንዳውን ብረት በመዳፉ መታው። «ታዲያ አንድ ሰው ጠፍቶ ነው የሚነግረኝ? ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ ቁልፉን የሰጠኝ ሰው እኮ ነው! እኔ ነዳሁ፣ ቁልቁለቱን ወረድኩ። እሱ ቆሞ አየኝ!»

እሰይ አልኩ በሆዴ። ተናደደ፤ የተናደደ ሰው ይድናል። «በቃ አባዬ፣ አበቃ! ነጻ ነህ! ሄደህ ትመርቃታለህ!»

አንገቱን ነቀነቀ። «ፍሬኑን ያበላሸው ሌላ ሰው ነው። የገጨሁት ግን እኔ ነኝ። ጋሼን አላስቀይምም፣ ሠርጉ ላይ እገኛለሁ። አፌን ግን አልከፍትም።» ይህን ያህል ቀን ለፍቼ ያተረፍኩት ይህችን ነው። የምር ጠበቃ ብሆን ኖሮ ያሰናብቱኝ ነበር።

ሠርጉ እሁድ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው አጎቴ ግቢ ውስጥ ነው፤ በአንድ በኩል አዲስ የመጋዘን አጥር፣ በሌላው በኩል የተሰነጠቀ ጥቁር መሬት። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥግ ተቀመጠ። ምግብ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተዘፈነ። የሙሽራው ወገን ልንሄድ ነው ሲል አጎቴ ብድግ አሉ። ማንንም አላማከሩም።

«ወንድሜ፣ ና ልጄን መርቅልኝ» አሉ።

 አባቴ ተነሳ። ሙሽሮቹ ፊቱ ተንበረከኩ። እጁን ሊዘረጋ ብሎ መልሶ አወረደው።

«ጋሼ፣ አልችልም» አለ። «ዝናባችሁን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ።  ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! አባቴ ግን አላቆመም። ነገራቸው። ስለ ሁለቱ ቱቦዎች ነገራቸው፣ ስለ ኬላው፣ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ሞተሩ ሰው። የምድርን ትንፋሽ በእጁ አየር ላይ እየሣለ፣ ዝቅ ከፍ እያደረገ አሳያቸው። ጎበዝ ነው! ከኔ በላይ ነው የተረከው። ሽማግሌዎቹ ወደፊት ተሳቡ፣ «ወይ ጉድ» የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ይሰማል። ፍርሃቴን ረስቼ «ባሕሩን! የባሕሩን ንገራቸው!» ብዬ ጮህኩ። መጨረሻ ላይ «አውቀው ዝም አሉ፤ እኔም ሳላውቅ ነዳሁ» ብሎ ቆመ። ባርኔጣው በእጁ ውስጥ ተጨማድዷል።

አጎቴ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ጨረስክ?»

«ጨረስኩ ጋሼ።»

«የቤቴ ቆርቆሮ በምን መጣ? ማዳበሪያዬስ? በአህያ ነው? አንተ ስትነዳ እኔ ስቀበል ነው የኖርኩት። ብቻህን አቃጥለህ ብቻህን ሞቀህ ከሆነ ንገረኝ፣ ዛሬ እጣላሃለሁ።»

ሰው ሳቀ።  አጎቴ ግን አልሳቁም፤ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እውነት ነው? እነዚያ አውቀው ነው ዝም ያሉት?»

«አዎ አባባ። ሊቃውንቱ ጮኸዋል፤ ዝም ያሉት ብዙ ናቸው።»

«እኛ እስከ ዛሬ አላወቅንም» አሉ። «ላላወቀ ምሕረት አለው። አሁን ግን ይሄ ድንኳን ሙሉ ሰው ሰማ። ነገ ይቺ ልጅ ወልዳ፣ ልጇ ‹እማዬ፣ ታውቂ ነበር?› ቢላት ምን ትበል?»

 እኔ እንኳ፣ ያ ሁሉ አፍ ያለኝ ሰው፣ አልመለስኩም። 

አጎቴ የወንድማቸውን ክንድ ይዘው ወደ ሙሽሮቹ አዞሩት። «በዝናቡ ካፈርክ ዝናቡን ተወው። የምትችለውን መርቅልኝ።»

አባቴ ሁለት እጁን ዘረጋ።  «ክፉ አይንካችሁ» አለ፤ «አሜን!» አልን። «ውለዱ ክበዱ።» «አሜን!» «ቤታችሁ ሰው አይጣ።» «አሜን!» ዝናቡ የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁት። ቀና ብሎ ሙሽራዋን አያት።

«እግዜር» አለ፣ «አውቆ ዝም ከማለት ይሰውራችሁ።»

እንዲህ ያለ ምርቃት ማንም ሰምቶ አያውቅም። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ቬሏን በእጇ ገልጣ መጀመሪያ አሜን ያለችው ሙሽራዋ ናት።